መስኮት የሌለው አዳራሽ

ያን አዳራሽ ያገኘሁት ለእህቴ የልጇን ሞት የምንነግርበት ቦታ ሳጣ ነው።

ልጅቷ ያደገችው አዲስ አበባ፣ እናታችን ዘንድ ነው። እህቴ ትታት ወደዚህ አሜሪካ ስትመጣ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። አሁን በቁመት እናቷን በልጣ፣ ቪዛዋ ተመቶላት፣ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክሲዬን አቁሜ ደንበኛ ስጠብቅ ወንድማችን ከአዲስ አበባ ደወለ። መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጭቷት እዚያው አርፋለች። እሱ ሲደውልልኝ ቀብሩም አልቆ ነበር። "ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አደራ" አለኝና ድምፁ ተቆረጠ። ደንበኛዬ መጥቶ የኋላውን በር ሲከፍት መሪውን ጨብጬ አፌን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ሰውየውን ኤርፖርት አደረስኩት። እንዴት እንዳደረስኩት ግን አላውቅም።

የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይነግርም። መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይያዛል፣ የንስሐ አባት ይጠራል፤ ከዚያ በማለዳ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩ ይንኳኳል። ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ በግራም በቀኝም መኖር አለበት። ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ እህቴ የምትኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ማለዳ የሚባል ነገር የላትም። በማለዳ ሁሉም መንገድ ላይ ነው። ግማሹ ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ግማሹ ከሥራ ይመለሳል። ስለዚህ እዚህ አገር መርዶም ሁሉም ኦፍ የሚሆንበትን ቀን ይጠብቃል። ቅዳሜ ይሁን ተባለ። እስከ ቅዳሜ ያንን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ እንዴት እንደምቆይ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ቤቷ እንዳይሆን፣ የእህቴ ሕንፃ ግድግዳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚያሰኝ ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ፎቅ ላይ የምትኖር ያገራችን ሴት የአባቷን ሞት ሰምታ ስትጮህ፣ ጎረቤቷ ሰው እየተገደለ መስሎት ናይን ዋን ዋን ደወለ። ፖሊሶቹ እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው ሲገቡ ሴትዮዋ ወለል ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትነጭ ነበር። ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ አስቁመው መታወቂያ ጠየቁት። አንዲት የሰፈር ልጅ ናት በእንግሊዝኛዋ ያዳነቻቸው። እህቴ ያን ቀን እዚያ ነበረች፤ ማታ ስትነግረኝ "እዚህ አገር አልቅሶ መውጣትም የለም" ብላ ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጠየቅኩ፤ ቅዳሜ ሠርግ ተይዞበታል። ሴቨን ኮርነርስ አካባቢ ምግብ ቤት ያለውን ወዳጄን የኋላ ክፍሉን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። "ምሳ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ትጨርሳላችሁ?" አለኝ። ስድብ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ሰውየው ምን ያድርግ፣ እንጀራው ነው። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለልጅቷ ማልቀሴ ይሁን ለቦታው ማጣት እኔም አልለየሁትም።

ያኔ ነው ሽማግሌው ትዝ ያሉኝ። ዘወትር ሐሙስ ሐኪም ቤት የማመላልሳቸው አሜሪካዊ ደንበኛዬ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የአንድ የወንድማማቾች ማህበርን አዳራሽ ይጠብቃሉ። እነሱ ሎጅ ይሉታል። እኛ ዘንድ ሎጅ ሲባል ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል ነው የሚታሰበን፤ ይኼ ግን ወንዶች ተሰብስበው፣ ሽርጥ አሸርጠው፣ በራቸውን ዘግተው የሚማማሉበት ቤት ነው። ሰዎቻችን ስለ እነዚህ ማህበርተኞች የማያወሩት የለም። እኔ በዚያ ሳምንት ሰይጣን ራሱ አዳራሽ ቢያከራይ ቁልፉን እቀበል ነበር።

ሐሙስ ከሐኪም ቤት ስንመለስ አዳራሹን አሳዩኝ ብላቸው ይዘውኝ ወጡ። ከታች የልብስ ማጠቢያ ላውንደሪ አለ፤ ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። ላይ ስንደርስ በሩ በዓይን ትክክል ትንሽ ማያ ቀዳዳ አለው። የውስጡ ሰው የመጣውን በዚያች ያያል፣ ካላወቀው አይከፍትም። ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል ረጅምና ከፍ ያለ ነው። ከመንገድ ሲያዩት መስኮት አለው፤ ከውስጥ ግን ሁሉም በጡብ ተደፍኗል። "ምስጢራችን እንዳይሰማ" አሉኝ እየሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በጡቡ ላይ እጄን አሳረፍኩና ጮክ ብዬ እንደ መጥራት አልኩ፤ ድምፄ እዚያው ቀረ።

ጣሪያው ሰማያዊ ተቀብቶ ኮከብ ተበትኖበታል፤ አንዳንዱ ኮከብ ቀለሙ ተላልጧል። ያስደነገጠኝ ግን የአቀማመጡ ነገር ነው። ወንበሮቹ እንደ ስብሰባ አዳራሽ ወደ ፊት አይደረደሩም። በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መሃሉ ባዶ ነው። ለቅሶ ቤት ማለት ነው። ሥጋጃና ፍራሽ ቢጨመርበት የእናቴ ሳሎን ነው። ባዶው መሃል ላይ ወገብ የሚደርስ ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ ቆሟል፤ ላዩ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አለ። በወዲያኛው ጫፍ ደረጃ ተወጥቶ አለቃቸው የሚቀመጥበት ትልቅ ወንበር አለ። ያ ወገን ምሥራቅ ይባላል አሉኝ። ወደ ሰሜን እንደሆነ ያስታውቃል፤ ግን በሰው ቤት ምን አገባኝ።

በትልቁ ወንበር በስተግራ፣ ጥጉ ላይ፣ ጠባብ በር አለች። ከፈቱልኝ። አንድ ወንበር ብቻ የምታስገባ ክፍል ናት። አዲስ ሰው ማህበሩን ሲገባ እዚህ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቃል። ዓይኑ ይታሰራል። ከዚያ በሩን ያንኳኳል፣ አንዱ ወንድም ክንዱን ይዞ ያስገባዋል፣ ክፍሉን ያዞረዋል። ማን ተቀምጦ እንደሚያየው አያውቅም። በመጨረሻ ጨርቁ ሲፈታለት ሁሉንም ዙሪያውን ቆመው ያያቸዋል።

"ዋናው ነገር ክንዱን አለመልቀቅ ነው" አሉኝ ሽማግሌው። "ማየት የማይችል ሰው ክንዱ ከተለቀቀ ይወድቃል።"

ለምን እንደምፈልገው የነገርኳቸው ያኔ ነው። መርዶ ለሚለው በእንግሊዝኛ ቃል ስላጣሁ ዝም ብዬ እንዳለ ዘረዘርኩት። ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"አንዲት እናት ለመንገር ስንት ሰው ትሰበስባላችሁ?"

"የተገኘውን ሁሉ።"

"እኔን ሆስፒታሉ በስልክ ነው የነገረኝ" አሉ፤ "ሚስቴ ስትሞት። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ የቀሩትን ሳህኖች አጠብኩ።" ከዚያ ቁልፉን ከቀለበቱ ፈትተው ሰጡኝ። ሁለት ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። ጠረጴዛው ከቦታው አይነቃነቅም፤ በጠረጴዛውና በትልቁ ወንበር መሃልም ማንም አያቋርጥም። እሺ አልኳቸው።

እህቴ በዚያ ሳምንት እንደዚያ ደስ ብሏት አይቼ አላውቅም። ሥራ ስትወጣ ኮል ታደርገኛለች። የልጄ አልጋ ስንት ሰዓት ይመጣል፣ አንተ ትገጣጥመዋለህ ወይስ ሰው እንቅጠር፣ ታኮማ ፓርክ ያለው ኮሌጅ እንግሊዝኛ ይፈትናታል ወይ። ከዚያ ደግሞ "እማዬ ስልክ አታነሳም፤ ልጄም ኦንላይን የለችም" ትለኛለች።

"ኔትዎርክ ጠፍቷል አሉ" አልኳት።

ወዲያው አመነችኝ። ያገራችን ሰው ኔትዎርክ ጠፋ ከተባለ አይጠይቅም። "እነዚህ ሰዎች!" ብላ መንግሥትን ስትሰድብ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁት። እሷ ናት ያሳደገችኝ። ትምህርት ቤት እጄን ይዛ የወሰደችኝ እሷ ናት፤ ዋሽቻት አላውቅም፣ ብዋሽም ትይዘኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን የነገርኳትን ሁሉ ተቀበለች። ይኼ ከሁሉ በላይ አንገበገበኝ።

የሚነግሯት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ፌርፋክስ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ የአካባቢውን ሰው ግማሹን እሳቸው ናቸው መርዶ ያረዱት። እሳቸው ሲደውሉ ሰው ስለሚደነግጥ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ቴክስት ነው የሚያደርጉት። ትእዛዙን ያወጡት እሳቸው ናቸው። "ጥቁር የሚለብስ እንዳይኖር። ነጠላም አይታይ። ሁሉም ደህና ልብሱን ይልበስ። ፊቱ ላይ የሚነበብበት ሰው ከበሩ ይራቅ። ተቀምጣ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ከጎኗ ሰው ተጠግቷት፣ ከዚያ እኔ እጀምራለሁ" አሉ። ደም ግፊት አለባትና ደረጃ ላይ ሆና ነገሩ ቢገባት ወድቃ እንደምትቀር ሁላችንም እናውቃለን። በየሕንፃው ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው ታሪክ አለን።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹን አዘጋጀን። ሴቶቹ ሐዘንተኛ ራሱን ሲወረውር የሚመታበትን ነገር ያውቃሉ። መጀመሪያ ያዩት ጠረጴዛውን ነው። አይነቃነቅም ስላልኳቸው ጠርዙን በጋቢ ጠቀለሉት፣ በገመድ አሰሩት። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው አዩና ሌላ ገመድ አምጥተው ሰጡን። ነርስ የሆነች የሰፈራችን ልጅ የደም ግፊት መለኪያዋን ከወንበር ሥር ደበቀች። ጥቁሩን ልብስ፣ ነጠላውን ሁሉ ሰብስበን ወደ ትንሿ ክፍል አስገባን። የእህቴን ልጅ ፎቶም እዚያው አስቀመጥኩት። ለቪዛው የተነሳችውን ነው አሳድጌ ያሳተምኩት፤ ፈገግታ የሌለው፣ ሁለቱም ጆሮዋ የሚታይ። ሌላ ፎቶ ለመፈለግ እህቴን መጠየቅ ነበረብኝ። ፍሬሙ ትልቅ ስለሆነ ወንበሩ ላይ ብቻ ነው የቆመልኝ። በሩን ዘግቼባት እህቴን ላመጣ ወጣሁ።

የጠራኋት ዓርብ ነው። "ነገ ፕሮግራም አለ፣ ጥሩ ልብስሽን ልበሺ፣ የምን እንደሆነ አትጠይቂኝ" ነበር ያልኳት። ሳቀች። "እሺ፣ አልጠይቅም" አለች።

ከሕንፃዋ ስትወጣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የክት ወይን ጠጅ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትልቅ የዕቃ ቦርሳ አንጠልጥላ ነበር። ብርዱ ጀምሮ ነበርና ለራሷ ስስ ሹራብ ብቻ መደረቧን አይቼ ተቆጣኋት።

"እሱስ ምንድን ነው?" አልኩ ቦርሳውን እያየሁ።

"የሰው ነው። ንዳ።"

ቀለበት መንገዱ፣ በልትዌይ ላይ ስንወጣ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ለወትሮው ከመንገዱ የምወጣበትን ኤክዚት ሳይቀር የምትነግረኝ ሴት ናት። ያን ቀን ቦርሳውን ጭኗ ላይ አቅፋ ከመስኮቱ ወደ ውጪ እያየች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። የፖቶማክን ድልድይ ስንሻገር "ዓይንህ ምን ሆነ?" አለችኝ።

"አለርጂ ነው፣ እታለም።"

"በዚህ ብርድ ምን አለርጂ አለ?" አለችና እጄን ከማርሹ ላይ አንስታ ያዘችው። "አይዞህ አንተ ልጅ። እኔም አልቻልኩም፣ አንተም አልቻልክም" አለች።

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። አንድ ነገር ጠርጥራለች ብዬ ነው የፈራሁት። ድልድዩ አያልቅም። ወይ መኪናውን አቁሜ እዚያው ልንገራት፣ ወይ ዞሬ ቤቷ ልመልሳትና አንድ ቀን ልጨምርላት አልኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ ልጇ በሕይወት ያለችበት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ኤክዚቱን ላልፈው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ደረጃውን ክንዷን ይዤ አወጣኋት። እኔ እየያዝኳት ሳይሆን እሷ እየጎተተችኝ ነበር የምንወጣው። ነርሷ በትንሿ ቀዳዳ አየችንና በሩን ከፈተችልን። ጋሼ ከማዶ ጥግ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች። ከዘመዶቿ፣ ከሥራ ጓደኞቿ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎቿ የቀረ የለም። ሁሉም አምሮበታል። ሁሉም ቆሞ እሷን ያያል። አንድ ሁለቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ እሱም ቢሆን ለደስታም ይሆናል። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊቷ በራ። ያኔ ነው የሠራነው ነገር የገባኝ። ሐዘኑን ከመደበቃችን ብዛት ድግስ አድርገነዋል።

"አመጣችኋት!" አለች።

ጋሼ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ በስንት ቤት የተናገሩት ሰውዬ አንዲት ቃል አጡ።

"አታስጨንቁኝ በቃ። የት ደበቃችኋት?" እየሳቀች ነው። "እኔ እኮ አውቄያለሁ! ኔትዎርክ ጠፋ ስትለኝ ነው ያወቅኩት። ፕሌን ላይ ሆና ነው የማታነሳው አልኩ!" ቦርሳውን አነሳችው። "ይኸው፣ ብርዱን አታውቀውም ብዬ ጃኬት ገዝቼላታለሁ!"

"እታለም" አልኩ። ክንዷን አጥብቄ ያዝኩ። መንጭቃ አስለቀቀችኝ።

ዓይኗ ክፍሉን ዞረ። ወንበር፣ ግድግዳ፣ መስኮት የለም፣ ሰው የሚደበቅበት አንድም ቦታ የለም፤ ከዚያች ጥግ ላይ ካለችው በር በቀር። አየቻት። በጋቢ የተጠቀለለውን ጠረጴዛ አልፋ፣ ማንም አያቋርጥበትም የተባለውን መሃል አቋርጣ፣ ሮጠች። ነርሷ ተወርውራ ቀሚሷን ለመጨበጥ እጇን ዘረጋች፤ አልደረሰችባትም። እህቴ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ፀጉሯን አስተካከለች። በጣቷ መገጣጠሚያ ቀስ ብላ አንኳኳች።

"እማ ነኝ" አለች። "ነይ ውጪ።"

ከፈተችው። ልጇ ወንበሩ ላይ ነበረች። ዙሪያዋን ጥቁር ልብስና ነጠላ ተቆልሎ፣ ጆሮዋ እየታየ፣ ፈገግ ሳትል ታያታለች።

ሁላችንም ለጩኸቱ ተዘጋጅተን ነበር፤ ጩኸቱ ግን ወዲያው አልመጣም። እህቴ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ጃኬቱን ከቦርሳው አወጣችው፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ገና ያልተቆረጠለት ነው። በፍሬሙ ትከሻ ላይ ደረበችው። ሁለቱን ጫፎች አገናኝታ ዚፑን ከታች ጀምራ ወደ ላይ ሳበችው፣ እስከ አንገቷ። ኮፍያውንም አስተካከለችላት።

ከዚያ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ጋሼ እንኳ ጆሯቸውን ያዙ። ሴቶቹ ደርሰው ክንዷን በግራም በቀኝም ያዟት፣ እኔም ደረስኩ። እስከ ከሰዓት ድረስ ጮኸች። ስወጣ ከታች ላውንደሪው ውስጥ ሰዎች ልብሳቸውን እያጠፉ ይሳሳቃሉ። አንድም ሰው አልሰማም፣ ፖሊስ የጠራም የለም። ለዚህ ነበር ያን ክፍል የመረጥኩት።